የዶርዜው ነጥብ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ዘካሪያስ የመኪና ዲኮር ሱቅ፣ ባንኮኒው ላይ ሁለት ጂፒኤሶች ተቀምጠዋል። አንዱ ትልቅ ነው፤ በጎኑ ሲም ካርድ ይቀበላል። ሌላው ትንሽና ያገለገለ ነው፤ ሲም የሚገባበት ቦታ የለውም። ከመንገዱ ማዶ ነጭ ፒካፕ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ባርኮት የተባለ የጭነት መኪና ሹፌር ዶርዜ ተራራ ላይ፣ አንድ የቀርከሃ ቤት ውስጥ ተደብቋል። በሕይወት አለ። የት እንዳለ ከአስጠጉት ሰዎች በቀር የምታውቀው ባንኮኒው ፊት የቆመችው ሴት ብቻ ናት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር።

መታወቂያዋ «ምኞት፣ የሙዝ ግዢ ሠራተኛ» ይላል። ስሙም ሥራውም የእሷ አይደለም። የስለላ መሥሪያ ቤቷ የሚያውቃት «መቅዘፊያ» በሚል መጠሪያ ነው። አለቃዋ «ወደብ» ይባላል። ባርኮት ከምዕራብ ዓባያ በሚነሣ ሙዝ ሥር የጦር መሣሪያ ሲያመላልስ ኖሮ፣ አንድ ቀን በቃኝ ብሎ ለመመስከር የተስማማ ሰው ነው። ያሠሩት ሰዎች ሊገድሉት ይፈልጉታል። ዶርዜ የደበቀችው እሷ ናት፤ ከባድ ጉም ስለነበር መንገዱን አላየችውም። በእጇ ያለው የቦታው ቁጥር ብቻ ነው። እሱንም በቃሏ ይዛዋለች።

ዛሬ ልታወጣው ነው።

ሁለቱን መሣሪያዎች ይዛ በረንዳው ላይ ወጣች። ትልቁ ፀሐይ ሲያገኘው ነጭ ወረቀት ሆነ። የትንሹ መስመሮች ግን ይነበባሉ። መያዣዎቹን የሱቁ መስተዋት ላይ ለጥፋ ጎተተቻቸው። ከቻርጀር ነቅላ ባትሪያቸው እስኪቀንስ ታገሠች። ከዚያ «ጨንቻ» ብላ ጻፈች። ትልቁ ኔትወርክ ፈለገ። ትንሹ መንገዱን ወዲያው አሳየ።

«እህቴ፣ ባል እንኳ እንዲህ ተመርምሮ አይመረጥም» አለ ዘካሪያስ።

«ባል ቢጠፋው ጠይቆ ይመጣል» አለችው።

ዘካሪያስ ሳቀ። ስልኳ ጠራ። ወደብ ነው።

«የትኛውን ያዝሽ?»

«ትንሹ ይሻላል ጋሼ። ፀሐይ ላይ ይታያል፤ ያለ ኔትወርክም ይሠራል።»

«ትልቁን ግዢ።»

«ትልቁ እኮ...»

«ሱቁን የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ዕቃውንም አውቀዋለሁ። ትልቁን መኪናው ላይ ግጠሚ፣ ቁጥሩን አስገቢና ውጪ። ትእዛዝ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

ትልቁን በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ፣ ትንሹን በራሷ ገዛች።

«ሁለት ምን ይሠራልሻል?» አለ ዘካሪያስ።

«አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል።»

«ሁለቱም ቢሳሳቱስ?»

«ያን ጊዜ አንተን እጠይቃለሁ።»

«እኔን? እዚህ ሴቻ እንኳ በሚኒባስ ነው የምሄደው!»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ትልቁን መስተዋቱ ላይ ለጠፈችው። ቁጥሮቹን አስገባች። ትንሿ ባንዲራ ዶርዜ ላይ ተተከለች። ትንሹን መሣሪያ ጃኬቷ ኪስ ከተተች።

ነጩ ፒካፕ ከኋላዋ ወጣ።

በሶዶ መንገድ ላይ ርቀቱን ጠብቆ ተከተላት። ስትዘገይ ይዘገያል። ስትፈጥን ይፈጥናል። ይህ አላስደነገጣትም። ክትትል የለመደችው ነገር ነው። ተራራው ሥር ስትደርስ ፍሬን ይዛ ልታሳልፈው፣ ከዚያም በሰፈር ውስጥ አዙራ ልትጠፋበት አስባ ነበር።

ወደ ጨንቻ መታጠፊያው ከመድረሷ በፊት ፒካፑ ጥሩምባ ነፍቶ አለፋት።

ታጠፈ። ዳገቱን ተያያዘው።

ተከታይ ቀደማት።

የሚከተል ሰው የሚቀድመው መድረሻውን ሲያውቅ ነው። መድረሻውን ደግሞ ለሰው አልተናገረችም። የነገረችው መስተዋቱ ላይ ለተለጠፈው ዕቃ ብቻ ነው።

መኪናዋን ዳር አስይዛ የትልቁን መሣሪያ ጎን በጥፍሯ ከፈተች።

ሲም ካርድ አለ።

ሱቁ ውስጥ ስክሪኑን፣ ባትሪውን፣ ካርታውን፣ መያዣውን መርምራለች። የሲሙን ክዳን አልከፈተችም። ሲም የማስገባት ሐሳብ ስላልነበራት ባዶ ነው ብላ አለፈችው። ስህተቱ የእሷ ነው። ወጥመዱ ግን የሌላ ነው። ሱቁን የመረጠው ወደብ ነው። ዕቃውን የመረጠው ወደብ ነው። ቁጥሩን አስገቢ ያለው ወደብ ነው።

ሲሙን ልትነቅለው ጣቷን ሰደደችና ተወችው። ሲሙ የሚልክላቸው ነጥቧ ከስልካቸው ብትጠፋ እንደነቃች ያውቃሉ። ክዳኑን መልሳ ገጠመች። ማርሽ አስገብታ ነዳጁን ረገጠች።

ዳገቱ አላልቅ አለ። ከታች የዓባያና የጫሞ ሐይቆች ታይተው ጠፉ። ጉሙ ወረደ። በየኩርባው የሚመጣው የሚሄደው ጥሩምባ ይነፋል። እሷም ነፋች። በየጥሩምባው መሐል ተኩስ የሰማች እየመሰላት ጆሮዋን ታቆም ነበር።

ዶርዜ ገበያው ዳር፣ ፖም ከሚጭን አይሱዙ አጠገብ አቆመች። ትልቁን መሣሪያ በርቶ ከነመኪናው ተወችው። ትንሹን አውጥታ በእግሯ ወደ እንሰቱ ገባች።

የትንሹ ስክሪን ጉሙ ውስጥ አረንጓዴ ብርሃን ሰጠ። ቀስቱ ወደ ግራ አለ። ወደ ግራ ሄደች። አጥር ዘለለች። ጭቃው ጫማዋን ሊያስቀርባት ታገላት። ከዚያ ባንዲራዋ ብቅ አለች።

ደርሳለች።

ቤት የለም።

ከእንሰቱ ቅጠል ሥር ተኛች። ፊት ለፊቷ ክብ ባዶ መሬት አለ፤ ሣር ያልበቀለበት፣ የምድጃ አመድ መሐሉ ላይ የቀረ። በክቡ መሐል ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የቆዳ ጃኬት፣ ሌላው ሰማያዊ ኮፍያ አድርጓል። አጠገባቸው ባርኮትን ያስጠጋው ሽማግሌ፣ ሸማኔው ሀይሌ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ሽማግሌ፣ እዚህ ቤት አልነበረም?» አለ ባለ ጃኬቱ።

«ነበረ።»

«የት ሄደ?»

«ተነሣ። ሄደ።»

«ትቀልድብናለህ? ቤት እግር አለው?»

«እግር አለው። የሰው እግር።»

ባለ ጃኬቱ ጋቢውን ጨምድዶ ያዘው። የእሷ ጣት ሽጉጧ ላይ አረፈ። ሁለት ናቸው። መካከላቸው ሽማግሌ አለ።

ባለ ኮፍያው ስልኩን እያየ «ተወው፣ ጃጅቷል» አለ። «ልጅቷ የተሳሳተ ቁጥር ነው ያስገባችው። ነጥቧ ገበያው ላይ ቆማለች። አሁን እሱን ልታመጣ ሄዳለች ማለት ነው።»

«መኪናዋ ጋ እንጠብቃት?»

«ሰው በሞላበት? ከታች ከኩርባው ሥር። ነጥቧ ስትንቀሳቀስ ሁለቱንም እንቀበላቸዋለን።»

ሄዱ።

የፒካፑ ድምፅ እስኪርቅ አልተነሣችም።

«መጣህ ልጄ?» አላት ሀይሌ። አማርኛን ያወቀው በገበያ ነውና ሴትና ወንድ ይቀላቀሉበታል። «ጋቢዬን አየህ? አበላሹት።»

«ጋሼ ሀይሌ፣ ቤቱስ?»

«ምስጥ ከሥር በላው። ጎረቤት ተጠራ፣ ቀርከሃ አስገባን፣ ተሸከምን፣ ወደ ላይ ወሰድን። እንዲህ ነው የምናደርገው።» እንደማታውቅ ገርሞት አያት። «ያንተ ዕቃ አልነገረህም?»

የዶርዜ ቤት ምስጥ ሲደርስበት እንደ ትልቅ ቅርጫት ተነሥቶ በጎረቤት ትከሻ ቦታ እንደሚለውጥ ሰምታ ታውቅ ነበር። ቁጥሩን በቃሏ ስትይዝ ግን አላሰበችውም። ቁጥሩ አልተሳሳተም። ቦታውን የለቀቀው ቤቱ ነው።

ከእንሰቱ በላይ፣ አዲሱ ቦታ ላይ፣ ባርኮት ጨለማው ውስጥ ትከሻውን እያሸ ተቀምጧል።

«ምን ሆንክ?»

«ቤቱን ተሸክሜ ነዋ።»

«የተደበቀ ሰው ቤት ይሸከማል?»

«መንደሩ በሙሉ ሲሸከም እኔ እጄን አጣምሬ ብቆም፣ ይሄ ማነው አይሉም?»

እጁን ይዛ አስነሣችው።

ገበያው ዳር የአይሱዙው ሹፌር ሸራውን እያሰረ ነው። ጫኞቹ በስሙ ሲጠሩት ሰማች። ይፍሩ። ሲስቅ ድድ የሚታይበት ወጣት ነው።

«የኔ እህት፣ ወደ ታች ከሆንሽ ጋቢና ባዶ ነው!» አላት። «ሒሳብ የለም፣ ጨዋታ ብቻ!»

«ሌላ ቀን።»

«ሁሉም ሌላ ቀን ይላል። እንዲህ ነው ሳላገባ የምሞተው!» ጫኞቹ ሳቁበት።

ትልቁን መሣሪያ ከመኪናዋ አውጥታ በነጠላዋ ሸፍና ይዛዋለች። ነጥቧ ካልተንቀሳቀሰች ሰዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ብትወርድ ግን እዚያው ኩርባው ሥር ይቆያሉ። በጨንቻ ጀርባ የሚዞረውን ጠጠር መንገድ እስክትይዝ የሚበቃ ጊዜ ታገኛለች። አይሱዙውን ያስቆሙታል፣ ይፈትሹታል፣ ፖም ያያሉ፣ ይለቁታል። እንዲህ ብላ አሰላችው።

ሁለት ጊዜ አሰላችው።

ይፍሩ ጎማውን ሊያይ ጎንበስ ሲል መሣሪያውን ሸራው ሥር፣ ከሳጥኖቹ መሐል አስገባችው።

አይሱዙው ጥሩምባውን ነፍቶ ወረደ። ጉሙ ዋጠው።

እሷና ባርኮት ወደ ላይ ነዱ። ትንሹ ጂፒኤስ ጭኗ ላይ ነበር። ኔትወርክ በሌለበት፣ መንገድና ገደል በማይለይበት ጉም ውስጥ፣ ቀጭኗ መስመር አንዴም አልተቋረጠችም። ባርኮት ደጋግሞ ወደ ኋላ ዞረ። እሷ አልዞረችም። ጆሮዋ ግን ወደ ኋላ ነበር።

ባርኮት በዝግ ችሎት መሰከረ። ከሙዙ ሥር የነበረው ተያዘ፣ ያስጫኑት ሰዎች ተያዙ። ወደብም፣ በእውነተኛ ስሙ ሶፎንያስ፣ ሲሙ ከማን እጅ እንደወጣ ሲጠየቅ ዝም አለ። ዝምታው አላዳነውም።

በቦታው የተተኩት ወይዘሮ በለጥሽ አዲስ መታወቂያ ሰጧት። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም፣ ሌላ ሥራ። ምኞት የምትባል ሙዝ ገዢ ከዚያ ወዲያ አርባ ምንጭ አልታየችም። የፈለጋትም የለም።

«የቀረ ጥያቄ አለሽ?» አሉ በለጥሽ።

«የፖሙ ሹፌር።»

«በሕይወት አለ።»

«ሙሉውን ይንገሩኝ።»

በለጥሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሴትየዋን የት አደረስካት አሉት። አላውቅም አለ። አላመኑትም። በክሪክ ብረት ነው የመቱት። አጥንቱ ገጥሟል፤ መንዳት ጀምሯል።»

«ሐኪሙ ምን ጻፈ?»

በለጥሽ ፋይሉን ከፍተው አነበቡላት።

የይፍሩ ግራ እግር ከቀኙ በሁለት ሳንቲሜትር ያጥራል።