ስድስት ዙር በቢጫው ጎማ

መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተሽከረከረችና ፊቷን ወደመጣችበት አቅጣጫ አዙራ ሳሩ ላይ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። አቧራው ቀስ እያለ በመስኮቱ መረብ ገብቶ የልጅቷ ሄልሜት ላይ አረፈ። ሁለት እጆቿ መሪውን እንደጨበጡ ቀሩ። ቀኝ እግሯን ቁልቁል አየችው። ያ እግር ምን እንዳደረገ ታውቃለች።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በአማተሮች የእሽቅድድም ክለብ፣ በትንንሾቹ መኪኖች ምድብ መንዳት ከጀመረች ገና አምስት ወሯ። በመጀመሪያው ውድድሯ ከሁሉም ኋላ ስለገባች «ቀንድ አውጣ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ያወጡላት በፍቅር ነው። ሲጠሯት እሷም አብራ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን አይስቅም።

የዚያን ቀን የመጡት ለውድድር አልነበረም። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ሾፌር ያሻውን ጎማ እያሰረ ስለሚመጣ፣ ማን በጉብዝናው ማን በጎማው እንደሚያሸንፍ መለየት አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ ክለቡ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ጎማ ብቻ እንዲጠቀም ወሰነ። የትኛው ይሁን? ለዚህ ሲባል ሦስት ዓይነት ጎማ መጣ። የፋብሪካዎቹ ስም በፕላስተር ተሸፈነ፣ ጎናቸው ላይ ነጭ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ተቀባ። ሦስት ሾፌሮች በእያንዳንዱ ጎማ ስድስት ስድስት ዙር ነድተው ያዩትን ይናገራሉ፤ ማታ ከመበተናቸው በፊት አሥራ ሁለቱም የምድቡ ሾፌሮች ድምፅ ይሰጣሉ።

ከሦስቱ ሾፌሮች ፈጣኗ «ጥይት» ናት፤ የልጅቷ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ በአንድ ዓመት የምትበልጣት። መካከለኛዋ ነርስ ናት። ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚሏት፤ የአዳር ተራዋን ጨርሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ በዚያው የምትመጣ ሴት። ጀማሪዋ ደግሞ ልጅቷ ራሷ።

ነጩ ጎማ እንደ ሳንቃ የደረቀ ነው፤ ማንም አልወደደውም። ቀዩ አስፋልቱን እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ልጅቷም በሕይወቷ እንደዚያ ፈጥና አታውቅም። ስድስቱ ዙር ሲያልቅ ግን ጠርዙ እንደ ላጲስ መፈርፈር ጀምሮ ነበር። ቢጫው በሁለቱ መካከል ነው። ሲስተር ወዳዋለች። ልጅቷ ስትሽከረከር በቢጫው አራተኛ ዙሯ ላይ ነበረች።

ከጎማ መጋዘኑ በስተጀርባ ወደ ግራ የሚታጠፍ ረጅም ኩርባ አለ። እዚያ መሀሉ ላይ ሳለች በመስታወቱ የጥይትን መኪና አየች። በቀዩ ጎማ እየበረረች ጀርባዋ ላይ ደርሳለች። ልጅቷ ደነገጠችና እግሯን ከነዳጁ ላይ ብድግ አደረገችው።

«ኩርባ መሀል ገብተሽ እግርሽን በድንገት ካነሳሽ፣ የመኪናዋ ጅራት ይቀድምሻል» ይላት ነበር አጎቷ። መቶ ጊዜ ብሏታል። ጅራቷ ቀደማት።

መኪናዋን ጎትተው ወደ መጠለያው ሲያመጧት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቃት። ከፊት የቆሙት መምህሩ ናቸው፤ በትምህርት ቤቷ ሒሳብ ያስተምራሉ፣ የክለቡም ጸሐፊ ናቸው።

«ተጎዳሽ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ መምህር።»

«ምን ሆንሽ ታዲያ?»

ዙሪያዋን አየች። አንዱ «ቀንድ አውጣ ክንፍ አወጣች» ብሎ ሌላውን ሲያስቀው ሰማች። ጥይት ሄልሜቷን በብብቷ ይዛ ቆማለች።

«ጎማው... አስፋልቱን በድንገት ለቀቀብኝ» አለች።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው ነው። ቃሉ ከአፏ የወጣው ቀላል ሆኖ ነበር። መምህሩ ግን ወረቀታቸው ላይ ጻፉት፤ ጮክ ብለውም አነበቡት፦ «ቢጫ። ያለ ማስጠንቀቂያ ይለቃል።» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ጎማ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚለቅ ከሆነ ለጀማሪ አይሆንም፤ ለጀማሪ ካልሆነ ደግሞ ለምድቡ አይሆንም።

የምሳ እረፍት ሆነ። ጥይት አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ ዳቦዋን ለሁለት ቆረሰች።

«አሪፍ ነሽ እኮ» አለቻት በሹክሹክታ። «ቢጫውን ቀበርሽው። በቃ ቀዩ አለፈ።»

ሲስተር ከማዶ ሰምታታለች። ከቴርሞሷ ሻይ እየቀዳች ፈገግ አለች። «ቀዩ ካለፈ እኔ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ተመልካች ነኝ በሉኛ። በየሁለት ውድድሩ አዲስ ጎማ ከየት አመጣለሁ? እጄ ባይነዳም አፌ ይነዳል፤ ከአጥሩ ውጪ ሆኜ እጮህላችኋለሁ።» ሌሎቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ልጅቷ የያዘችውን ዳቦ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

ይሁን እንጂ የባሰው ገና አልመጣም ነበር። መምህሩ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወደ አጎቷ ሄዱ። አጎቷ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው ጎሚስታ። ጎማ ሲፈታ፣ ሲያስር፣ ንፋስ ሲሞላ ሃያ ዓመት አልፎታል። በዚያን ቀንም የሦስቱን መኪና ጎማ የሚቀያይረው፣ ንፋሱን የሚለካው እሱ ነበር።

«የቢጫውን ንፋስ የሞላኸው አንተ ነህ?» አሉት መምህሩ። ጥያቄ እንጂ ክስ አልነበረም።

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ሞላኸው?»

«እንደ ሌሎቹ ነው። አራቱንም እኩል።»

«እርግጠኛ ነህ? የኋላው ቢበዛ ወይም ቢያንስ እንደዚያ ሊያደርጋት ይችላልና ነው።»

አጎቷ የቢጫውን ጎማ አየ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እስካሁን ነበርኩ» አለ።

መምህሩ ሲሄዱ መለኪያውን ከሣጥኑ አወጣ። የመኪናዋን የኋላ ጎማ ለካ። ለሁለተኛ ጊዜ ለካ። ከሲስተር መኪና ሌላ መለኪያ ተውሶ መጣና በዚያም ለካ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ በብርሃኑ በኩል አያቸው። ከዚያ ወደ ልጅቷ መጣና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

«የእህቴ ልጅ» አላት። «አሁን ሲለካ ልክ ነው። ግን ስትሽከረከሪ ተንፍሶ ይሁን፣ እኔ ስሞላ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሁን፣ አላውቅም። ብቻ ይቅር በይኝ። እናትሽን ምን እላት ነበር?»

«ምንም አልሆንኩም እኮ፣ አጎቴ።»

«እሱስ ተመስገን ነው። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ንፋሱን ሌላ ሰው ይሙላ ብያቸዋለሁ።»

ብድግ ብሎ ሄደ። ሲሄድ ከኋላው አየችው። ደንበኞቹ «ጋሼ ንፋስ፣ አንተ ካልነካኸው መኪናዬን አላስነሣም» የሚሉት ሰው፣ አሁን የገዛ መለኪያውን ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ሌላ ሰው ንፋስ ሲሞላ ቆሞ ያያል።

ጥይትን እጇን ይዛ ወደ መጠለያው ጀርባ ወሰደቻት።

«ጎማው አይደለም» አለቻት። «እግሬን አንሥቼ ነው።»

«የቱ ጋ?»

«ኩርባው ላይ። አንቺን በመስታወት ሳይሽ።»

ጥይት ትከሻዋን ነቀነቀች። «ታዲያ ምን ይጠበስ? ማን አየሽ? እኔ እንኳ ከኋላሽ ሆኜ አላየሁም። ሁላችንም ተሽከርክረናል።»

«አጎቴ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገው።»

«ነገ ይረሳዋል። አታካብጂው በናትሽ። ደግሞ አንቺም በቀዩ ነው የፈጠንሽው፣ ሰዓትሽን አይቼዋለሁ። በቀዩ ብትወዳደሪ ማን ቀንድ አውጣ ይልሻል?»

ይህችኛዋ እውነት ነበረች። ልጅቷ ስትሰማት ቀዩ ጎማ በእጇ የገባ ያህል ተሰማት፤ አስፋልቱን ሲይዝ፣ መሪው በመዳፏ ውስጥ ሲከብድ። ጥይት የምትናገረው ለክፋት አልነበረም። የምታየው ፈጣን ጓደኛዋን ነው፣ አብረው ከፊት ሲሄዱ ነው። ልጅቷም ያንን አየችው። ደስ ይላል። ከዚያ ግን ቀና ስትል በመጠለያው ቋሚዎች መካከል አጎቷ ታያት። መለኪያውን እንደገና ከኪሱ አውጥቶ ጀርባውን ይመረምራል።

«እሄዳለሁ» አለች።

«የት?»

አልመለሰችላትም። በቀጥታ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ሄደች። የዙር ሰዓቶችን እየደመሩ ነበር።

«መምህር፣ የቢጫውን ወረቀት አንዴ ይሰጡኛል?»

ሰጧት። እስክሪብቶም ሰጧት። «ያለ ማስጠንቀቂያ ይለቃል» በሚለው ላይ አንድ መስመር ስባ ሰረዘችው። ከሥሩ ምን እንደምትጽፍ ትንሽ አሰበች። በተወላገደ ፊደል ጻፈች፦ «ኩርባው ላይ ደንግጬ እግሬን አነሣሁ። ጎማውም ንፋሱም ምንም አልሆነ።»

መምህሩ አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ለአጎትሽ ነግረሽዋል?» አሏት።

«አሁን ልነግረው ነው።»

«ለእሱ ቀድመሽ ብትነግሪው ይሻል ነበር። ሂጂ በይ፣ እኔ ለሌሎቹ አነባለሁ።»

አጎቷ ክሪኩ አጠገብ ነበር። ቆመችና ቶሎ ቶሎ ተናገረች፤ ቀስ ብላ ከተናገረች መጨረስ እንደማትችል ታውቃለች። ስለመስታወቱ፣ ስለእግሯ፣ ስለሰዎቹ ሳቅ። እሱ መሬት መሬቱን እያየ ሰማት።

«ስለዚህ መለኪያዬ ደህና ነው» አለ።

«ደህና ነው።»

«ልጥለው ነበር እኮ።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ስትሽከረከሪ አልተቆጣሁም። የማይሽከረከር ሰው የማይነዳ ሰው ነው። ይቺ የምሳ ሰዓት ግን... ረዘመችብኝ።»

«ይቅርታ፣ አጎቴ።»

ወዲያው «ግድ የለም» አላላትም። ጎንበስ ብሎ የጎማውን ቡሎን አንድ በአንድ ማጥበቅ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ቀና ሳይል፣ «ያቺን ቁልፍ አቀብዪኝ» አላት። አቀበለችው። እንደዚያ ሆነው፣ ብዙም ሳይነጋገሩ፣ አራቱንም ጎማ አጠበቁ።

መምህሩ ወረቀቱን አንብበው ነበር። ጥቂቶች አጉረመረሙ። አንዱ «ቀኑን ሙሉ አደከመችን» አለ። ሲስተር ብቻ የቴርሞሷን ክዳን ሻይ ሞልታ ለልጅቷ አቀበለቻት።

«እንግዲህ» አሉ መምህሩ፣ «መሽከርከሩን እንተወው። ጀማሪዋ ሾፌራችን አንቺ ነሽ። ከሦስቱ የትኛውን ትመርጫለሽ?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ቀዩ ማለት ቀላል ነበር። አሁን፣ እውነቱን ከተናገረች በኋላ፣ ቢጫው ማለትም ቀላል ነበር፤ ሰው ደስ ይለዋል፣ ሲስተርም መንዳቷን ትቀጥላለች። ሁለቱም ምላሷ ላይ መጡ።

«ቢጫውን ገና አላውቀውም» አለች። «ስነዳው ሐሳቤ ጎማው ላይ አልነበረም። እንደገና ስድስት ዙር ይስጡኝ።»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ አጎቷን አዩት። «ንፋሱን ሙላላት» አሉት።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ጎማው እስኪሞቅ ቀስ ብላ ነዳች። በአራተኛው ወደ ረጅሙ ኩርባ ስትገባ በቅድሙ ፍጥነቷ ላይ ነበረች። መስታወቱ ባዶ ነው፤ ቀኝ እግሯ ግን ከቅድሙ ያልተናነሰ ፈርቷል። መሀሉ ላይ ስትደርስ ጎማው መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ እየወፈረ የሚሄድ ድምፅ ነው። ቅድምም ጮኾ መሆን አለበት፤ አልሰማችውም። እግሯ ሊነሣ ፈለገ። ባለበት አቆየችው፣ መሪውን በትንሹ አላላችው። መኪናዋ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውጪ ተንሸራተተችና መልሳ ያዘች። ጩኸቱም ቀነሰ። አምስተኛው ዙር ላይ ሆን ብላ እንዲጮህ አደረገችው። ስድስተኛውም ላይ።

ስትመለስ ጥይት የሩጫ ሰዓቱን ይዛ ጠበቀቻት። «ከቀዩ በሦስት ሰከንድ ትዘገያለሽ» አለቻት። አኩርፋለች፤ ግን ጠብቃታለች።

«አውቃለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ስባ በመጨረሻው ባዶ ቦታ ጻፈች፦ «ቢጫ። ከመልቀቁ በፊት ይናገራል። እንደኔ ላለ ጀማሪ ይሆናል።»

ጥይት በትከሻዋ በኩል አነበበች። «ጀማሪ ብለሽ ራስሽን ጻፍሽ?»

«ነኝ እኮ» አለች ልጅቷ።

ከዚያ ከተቆራረጡት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች አንዱን አነሣች፣ «ቢጫ» ብላ ጻፈችበት፣ ለሁለት አጥፋ ካርቶኑ ውስጥ ጨመረችው፤ ሄልሜቷንም ይዛ ጎማዎቹን ለመፍታት አጎቷን ልታግዝ ሄደች።