የአሰልጣኙ ቋጠሮ

መርማሪዋ ስትደርስ አሰልጣኙ ግድግዳው ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ፊቱ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። የወገብ ቀበቶውን እንደታጠቀ ነው፤ ገመድ ግን አልነበረበትም።

ቦታው ድሮ መጋዘን ነበር። አሰልጣኙ ቋጥኝ መውጣት ሊያስተምራቸው የሰፈሩን ወጣቶች የሰበሰበው ቤት ለቤት ዞሮ ነው። «ደጃፍ ላይ ከመጎለት ግድግዳ ላይ መንጠልጠል አይሻልም?» እያለ ወላጆችን ያስቃቸው ነበር። ባለቀለም መያዣዎቹን እስከ ጣሪያው ድረስ የተከላቸው ራሱ ነው።

ሲወድቅ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ በጣሪያው ዞሮ የሚወርደውን ገመድ ከታች የያዘችለት ወጣት ተማሪው፣ ልብስ ሰፊ አባቷና ባለመጋዘኑ።

ባለመጋዘኑ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ቤቱን ልቀቅልኝ ብዬው ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ግን እኔ ቢሮዬ ነበርኩ። ገመዱን የያዘችው እሷ፣ የለቀቀችውም እሷ! ይሄ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

«ገመዱን ከወገቡ ላይ ማን ፈታው?»

«እኔ እንጃ። እኔ አልነካሁትም።»

«እርስዎስ?» አለችው አባትየውን።

«እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ልጄን ልወስዳት ነው የመጣሁት፤ እንደ ዝንጀሮ ስትንጠለጠል ሰው ምን ይለኛል? ከሰውዬው ጋር ግን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። አጠገቡም አልደረስኩ።»

መርማሪዋ የጥቁር ኮቱን ትከሻ ትንሽ አየት አድርጋ አለፈች።

ልጅቷ ጥግ የተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ መዳፎቿን ገልብጣ ታያለች። «እትዬ፣ አለቀቅኩም። ድንገት ገመዱ ቀለለኝ። ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ መዳፎቿን ዳሰሰች። ከዚያ ቀና አለች። የገመዱ ጫፍ እላይ፣ ጣሪያው ሥር ተንጠልጥሏል። መሰላል አስመጥታ አስወረደችው። አልተቆረጠም፤ አልተበጠሰም። አንድ ቋጠሮ ብቻ አለበት።

ሦስቱንም ፍራሹ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ይህች ልጅ አለቀቀችም» አለች። «ገመድ ቢለቀቅበት ኖሮ ገመዱን እንደታሰረ ነበር የሚወድቀው። እጇም በተላጠ ነበር። ማንም አልፈታውም። እስቲ አንቺ ንገሪን፤ ይሄ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ቋጠሮውን በጣቷ ተከተለች። «መጀመሪያ እንደ ስምንት ቁጥር ይቋጠራል። ከዚያ ጫፉ በቀበቶው ውስጥ ያልፍና በመጣበት ይመለሳል። ይሄ... አልተመለሰም። ግማሽ ነው። ሰው ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ከቀበቶው ሾልኮ ይወጣል።»

«ስንት ልጅ ያስተማረ ሰው ግማሽ ላይ ለምን አቆመ? አንድ ሰው ስላቋረጠው።» ወደ አባትየው ዞረች። «ግድግዳ የሚወጡ ሰዎች እጃቸው እንዳያንሸራትት ነጭ ዱቄት ይቀባሉ። የእርስዎ ትከሻ ላይ አራት ጣቶች አሉ።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን አዙሮ ትከሻውን አየ።

«ፈርቼ ነው የዋሸሁት» አለ። «ሲቋጥር ሄጄ ጮህኩበት። አልተቆጣም። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ ‹አባቴ፣ እኔ ልውጣና እጄን ለቅቄ ላሳይዎት። ካልወደቅኩ ልጅቷን ይተዉልኝ› አለኝ። ወጣ። እላይ ሲደርስ ገመዱ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት እጁን ለቀቀና ‹አዩ?› አለኝ።»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ በትልልቁ የተቀባውን ጽሑፍ አነበበች፦ የጓደኛህን ቋጠሮ በእጅህ ሳትነካ አታስወጣው።

«የሁሉንም እነካለሁ» አለች ልጅቷ። «የጋሼን ግን... እኔ ምን ቤት ነኝ? ማሰር አትችልም ማለት አይሆንብኝም? ማናችንም ነክተንለት አናውቅም። ነውር መስሎን።»

«ታዲያ ገዳዩ ማን ነው?» አለ ባለመጋዘኑ።

መርማሪዋ ገመዱን አነሳች። የሚታሰር ሰው ቢኖር ሥራዋን ትሠራ ነበር። አሁን ግን ገመዱን ብቻ ቀስ ብላ ጠቀለለችው።

ደጅ ላይ ወጣቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። «ነገ ይከፈታል?» አለ አንዱ።

አባትየው ልጁን ይዞ ሲወጣ፣ «አባዬ፣ ኮትህ» አለችና ልታራግፍለት እጇን ዘረጋች።

እጇን በአየር ላይ ያዘው።

«ተዪው» አላት።