ወደ ግራ የተፈተለ ክር

ይህ የሆነ ነገር ነው። ባይሆን ኖሮ ደስታዬ ነበር።

ቦታው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የገጠር ቀበሌ ነው። ስሙን አልጽፍም። ሰዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው።

ወሩ ግንቦት፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ። የሰው ጥላ እግሩ ሥር የሚገባበት ጠራራ ፀሐይ...

እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ ይታገሱ የውሃ ባለሙያ ነበር። እኔም ነኝ። ባሕር ዳር አብረን ተምረን፣ እናቱ በሚኖሩበት በዚህ ቀበሌ ቤተ ክርስቲያን ተጋባን።

ያን ቀን ወደ ቤተ መቅደሱ በር የሚያስወጣው ደረጃ ሦስት ነበር። አስታውሳለሁ፤ ካባዬን ከፍ አድርጎ ይዞ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለ ነው ያወጣኝ።

ሲቀበር አምስት ሆኖ ነበር።

በዚያ ግንቦት ደረጃው ዘጠኝ ደርሷል።

እንዴት እንደሞተ አልጽፍም። ታሞ ነው። ሰባት ቀን።

ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው አለት ላይ ነው። የግቢው መቃብር፣ የአማቴ ቤትና ከዚያ በታች ያለው መስክ ግን ድሮ ረግረግ ነበር፤ እስከ ታች ድረስ ውሃ የጠጣ ጥቁር አፈር። አንድ ድርጅት መጥቶ አራት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። ገበሬውም ለሽንኩርቱና ለድንቹ የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዛ። ሁሉም ሳበ። ውሃው የወጣለት አፈር እንደተጨመቀ ጨርቅ ተኮማተረ፤ ወረደ።

አለቱ አልወረደም።

ስለዚህ ከመሬቱ ወደ በሩ ለመድረስ በየጊዜው ደረጃ ይጨመራል። ሲሚንቶውን ድርጅቱ ይሰጣል። ሕዝቡ እልል ይላል።

"ቤቱ ከፍ እያለ ነው" ይላሉ። ተአምር ነው ይላሉ። ከገበዝ ማርያም ድረስ በእግሩ የሚመጣ ሰው አለ።

ተማሪዎች ሳለን አስተማሪያችን ውሃቸውን ከሥራቸው እየሳቡ ስለሚሰምጡ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ነግሮን ነበር። ጃካርታ የሚለው ስም ትዝ ይለኛል። "መድኃኒቱ መሳብን ማቆም ነው። ሲያቆሙ መስመጡ ይቆማል፤ የወረደው ግን አይመለስም" አለን።

ከኋላ አንዱ "እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን!" አለ።

ሳቅን። ይታገሱ ብቻ አልሳቀም።

ከዓመታት በኋላ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ግቢው ውስጥ ተነሥቶ ቆመ። "አባቶቼ፣ ቤቱ አይደለም የሚወጣው። እኛ ነን የምንወርደው። ሁለቱን ፓምፕ እንኳ እናስቁም" አለ።

አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት መለሱለት። "አንተ ቅደም። እኛ እንደርስብሃለን።"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

ይታገሱ በጥር ወረደ።

በመስኩ መካከል ለልኬት ብቻ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ፓምፕ የለውም። አፉ ከጡጫ ብዙ የማይሰፋ የብረት ቧንቧ ነው፤ ታቹ አለት ላይ ቆሟል። ሲተከል ከጉልበቴ አያልፍም ነበር።

በዚህ ቧንቧ ጫፉ ላይ ቱንቢ የታሰረበት የመቶ ሜትር መለኪያ ይለቀቃል። ይታገሱ ከቧንቧው አፍ፣ እኔ መጠቅለያውን ይዤ ራቅ ብዬ እንቆማለን። የፓምፖቹ ጩኸት አያነጋግርም። ስለዚህ ቱንቢው ውሃ ሲነካ መለኪያውን ሁለት ጊዜ ይጎትታል።

ጎተት... ጎተት።

"ደርሷል፤ ጻፊ" ማለቱ ነው።

ሲሞት ሥራው ለእኔ ቀረ። በየወሩ ለክቼ ለድርጅቱ መላክ ነበረብኝ።

አልለካሁም።

መለኪያው እየተተረተረ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ብቻዬን መስማት አልቻልኩም። እሱ መጨረሻ የጻፈውን ቁጥር፣ አርባ አንድ ሜትር ከሠላሳ፣ እየገለበጥኩ ላክሁ። አሥራ ስድስት ወር ሙሉ።

ድርጅቱም "ውሃው አልቀነሰም" ብሎ ሁለት ጉድጓድ ጨመረ።

በዚያ ግንቦት ላቀው ደወለልኝ። ላቀው የፓምፖቹ ጥበቃ ነው፤ ቀልድ የማይነጥፍበት ሰው።

"እትዬ ሠርክ፣ አማትዎ ቤት ግድግዳው ተሰንጥቋል። ፍየል ያሾልካል። እኔ እንኳ ትናንት በሩን ትቼ በዚያ ልገባ ነበር።" ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "ይድረሱ... ቤቱ ያቃስታል።"

በማግስቱ ደረስኩ። እማዬ ሀብትነሽ፣ አማቴ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ።

እማዬ ግራኝ ናቸው። እንዝርቱን የሚያሽከረክሩት በግራ እጃቸው ስለሆነ ክራቸው ወደ ግራ ይዞራል። ሸማኔዎች "የሀብትነሽ ፈትል ከሰው ፈትል አይስማማም" እያሉ ለብቻው ነው የሚሠሩት። ይታገሱ ሲገነዝ ሁለት አውራ ጣቶቹ የታሰሩት በዚያ ክር ነው። እኔው ነኝ ከእንዝርቱ ላይ የበጠስኩት።

"እማዬ፣ ይህ ቤት ይወርዳል። ከእኔ ጋር ቡሬ ይምጡ።"

"ልጄን ጥዬ?"

"እማዬ..."

"እሱን አውጪልኝ፣ እከተልሻለሁ። ለብቻዬ ብሄድ ያገርሽ ሰው ማን ብሎ ያውቀኛል? ከሱ ጋር ከሆንኩ ግን ሁለት ነን።"

እኔን አልቆጠሩኝም። አልፈረድኩባቸውም።

ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ አባ ያረጋል ሄድኩ።

"ሰባት ዓመት ሳይሞላው አፅም ይፈልሳል፣ ልጄ?"

"መሬቱ ሰባት ዓመት አይጠብቅም፣ አባ።"

"ቤቱ ከፍ ባለበት ግቢ የተኛ ሰው ምን ጎደለበት?"

"እሱ ምንም አልጎደለበትም። እናቱ ግን በቁማቸው ሊቀበሩ ነው።"

መስቀላቸውን አገላበጡ። ፈቀዱ።

ላቀውና ሁለት ጎረቤቶች መቆፈር የጀመሩት ረፋድ ላይ ነው። አፈሩ ለስላሳ ነበር። በጣም ለስላሳ... ዶማው ራሱ የሚገባ እስኪመስል።

እስከ ወገባቸው ወረዱ። እስከ ደረታቸው።

ሳጥን የለም።

ራሳቸው ከመሬት በታች ሲሆን ላቀው ቀና ብሎ አየኝ።

"እትዬ... ሳጥኑስ?"

"አልደረሳችሁም።"

"ያኔም የቆፈርኩት እኔ ነኝ። እስከ ደረቴ ነበር።"

"ጨምሩ።"

ጨመሩ።

አንድ ጊዜ ዶማው ተነሥቶ ሲወርድ ምንም አልነካም። አፈሩ ተደርምሶ ወደ ውስጥ ገባ። ከሥሩ አንድ ቀዳዳ ታየ።

ክብ አልነበረም። ረዘም ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ አራት ጥግ ያለው። ጥጎቹ በቢላ እንደተቆረጡ ጥርት ያሉ።

የሳጥኑ ልክ ነው።

ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል።

ላቀው ድንጋይ አነሣና ለቀቀበት። አራታችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

ጠበቅን...

ጠበቅን...

"ውጡ" አልኩ በሹክሹክታ። "ቀስ ብላችሁ ውጡ።"

እማዬ ከመቃብሩ ጫፍ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላየሁም።

"የለም?"

"የለም፣ እማዬ።"

"ወዴት ሄደ?"

ቀዳዳውን አየሁ። አንድ ነገር ገባኝ። ያ ቀዳዳ የሚቆመው ውሃው የቆመበት ነው። ውሃው የት እንደቆመ የሚናገረው ደግሞ ቧንቧው ብቻ ነው። አሥራ ስድስት ወር ያልጠየቅሁት ቧንቧ።

መለኪያውን ከመኪና አውጥቼ ወደ መስኩ ወረድኩ። ላቀውና እማዬም ተከተሉኝ።

ቧንቧው ግንባሬ ድረስ መጥቷል። ላቀው ለመቆሚያ ድንጋይ ደርድሮለታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን "አደገች እኮ! ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ባል ልፈልግላት ነው" ይለኝ ነበር። ያን ቀን አልቀለደም።

መብራት ጠፍቷል። ፓምፖቹ ቆመዋል። መስኩ ላይ የወፍ ድምፅ እንኳ አልነበረም። ስድስት ሰዓት ከሩብ።

ቱንቢውን ለቀቅሁት።

አርባ አንድ ከሠላሳን አለፈ። ምንም።

ሃምሳ።

ስልሳ... ምንም።

ሰባ ሦስት ሜትር ላይ መለኪያው ላላ።

ከዚያ እጄ ውስጥ ተነቃነቀ።

ጎተት... ጎተት።

ዞር ብዬ አየሁ። ላቀው ከእኔ ሃያ እርምጃ ርቆ ዱላው ላይ ተደግፏል። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቧንቧው ዘንድ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

"ምነው እትዬ?"

"ዝም በል።"

ጎተት... ጎተት።

እጄ ከልማዱ እስክሪብቶ አወጣ። ሰባ ሦስት ብሎ ጻፈ። እኔ አላዘዝኩትም።

መለኪያውን ጠቅልዬ ሳወጣው የቱንቢው ቀለበት ላይ ክር ታስሯል። ሁለት ጊዜ የተቋጠረ። ጭቃ ያልነካው፣ ደረቅ፣ ነጭ።

ልደብቀው ነበር። እማዬ ግን እጃቸውን ዘረጉ።

በጣታቸው መካከል አሽከረከሩት። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ተፈታ። ወደ ግራ ሲያዞሩት ጠበቀ።

"የኔ ፈትል ነው" አሉ።

ከዚያ ፈገግ አሉ። ይታገሱ ከሞተ ወዲህ ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም።

"እጁን ታስሮ ነበር እኮ። ፈትቶታል።"

"እማዬ፣ እንሂድ። እግርዎ ላይ እወድቃለሁ።"

"አውጪልኝ ነበር ያልኩሽ። አለ። እዚሁ አለ። ታዲያ ወዴት ልሂድ?"

ተነሥተው ወደ ተሰነጠቀው ቤታቸው ሄዱ። ስንጥቁን አልፈው በበሩ ገቡ። እንዝርቱ ወዲያው መሽከርከር ሲጀምር ከውጭ ሆኜ ሰማሁት።

ለማስወጣት የመጣሁት እኔ ነኝ። ያስቀረኋቸውም እኔ።

ቢያንስ ፓምፖቹ ቢቆሙ ብዬ እውነተኛውን ቁጥር ላክሁ። ከሳምንት በኋላ ከድርጅቱ አንድ ወጣት ደወለ። ትሁት ልጅ ነው።

"እህቴ፣ የላኩት ሰባ ሦስት ካለፉት አሥራ ስድስት ወራት ጋር አይገጥምም። የልኬት ስህተት ብለን ሰርዘነዋል።"

"ስህተቱ ያለፉት ናቸው።"

"ማን ነበር የለካቸው?"

"እኔ።"

ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል።

"ታዲያ የትኛዋን እርስዎን እንመን?"

ሰኔ ገባ። በየሳምንቱ እየሄድኩ ለመንኳቸው። በየሳምንቱ እየፈተሉ ሰሙኝ። ጎረቤት "ከእኛ ዘንድ እንኳ ይደሩ" ቢላቸው "እንግዳ ቢመጣብኝስ?" ብለው ይስቁበታል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ እማዬን እንደያዘ ወረደ።

ድምፅ አልነበረውም አሉ። ላቀው እያየ ነው። ቆርቆሮው ከመሬት እኩል ሆነ። ከዚያ አልታየም። የቀረው ጥጎቹ ጥርት ያሉ፣ የቤቱ ልክ የሆነ ጉድጓድ ነው።

ላቀው በገመድ ታስሮ ገባ። ገመዱ እስኪያልቅ ወረደ። ሲያወጡት ፊቱ አመድ ለብሷል። ምን እንዳየ ሲጠየቅ "ምንም" አለ።

"ምን ሰማህ?" አልኩት ለብቻው።

"እንዝርት" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቀልዶ አያውቅም።

በሳምንቱ እሑድ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ደረጃ ተመረቁ። አባ ያረጋል ባረኩ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ነበር። አልተናገርኩም። ለመናገር የነበረኝን ቃል አሥራ ስድስት ጊዜ አባክኜዋለሁ።

አሁን በየወሩ እለካለሁ። በየወሩ እልካለሁ። በየወሩ ይሰርዙታል።

ባለፈው ወርም ሄድኩ። ያን ቀንም መብራት አልነበረም። ቱንቢውን ለቀቅሁ።

ሰማንያ አንድ።

ጎተት... ጎተት።

ጻፍኩ።

መጠቅለያውን ሳዞር መለኪያው ከበደኝ። ቱንቢው ሲወጣ ቀለበቱ ላይ ክር ታስሯል፤ አዲስ፣ ነጭ። እንደ በፊቱ ግን ቁራጭ አልነበረም። ሌላኛው ጫፉ ወደ ቧንቧው ውስጥ ይወርዳል።

ቋጠሮውን ፈትቼ ሳብኩት።

መጣ።

ሳብኩት... መጣ።

እግሬ ሥር ተከመረ። ዐሥር ክንድ፣ ሃያ ክንድ፣ ከዚያ በላይ። አላለቀም። ወደ ግራ የተፈተለ ነው። ጣቴን አስጠግቼ ነካሁት፤ ገና የተፈተለ ክር እንደሚሆነው ለብ ብሏል።

"ይተዉት እትዬ" አለ ላቀው ከኋላዬ፣ በጣም ዝግ ብሎ። "ይተዉት... በእመቤታችን።"

መሳቤን አቆምኩ። እጄን አነሣሁ።

ክሩ ግን ከቧንቧው አፍ፣ በቀስታ፣ ወደ ግራ እየዞረ... መውጣቱን አላቆመም።