ከበቅሎዋ ጀርባ የተሰማ ዜማ

ጠልሐ ጀማሉዲን በወይዘሮ አልታዬ የሠርግ አዳራሽ መድረክ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ጊታሩ ደረቱ ላይ ነው። እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማው ግን መስጊድ በር ላይ እንደሚወልቅ ጫማ ከመድረኩ ጠርዝ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጠልሐ ጫማ አድርጎ ክር እንደማይነካ የወለቃ ባንድን የሚወድ ሁሉ ያውቃል። በልምምድ ቀን ከተሲያቱ የአሱር ሰላት በኋላ፣ ከሁሉም ቀድሞ፣ ብቻውን መድረክ ላይ ወጥቶ እንደሚጫወት ደግሞ ባልደረቦቹ ያውቃሉ።

ኢንስፔክተር የሻለም ከመካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ በእግሯ ደረሰች። የባንዱን የድምፅ ዕቃ የፈታታው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነገሩን ባጭሩ አስረዳት። ከድምፅ ማጉያው ውስጥ አንድ ሽቦ ከቦታው ወጥቶ ብረቱን ነክቷል፤ ምንጣፉ ደግሞ ርጥብ ነው፤ ጊታር ይዞ በባዶ እግሩ እዚያ ላይ የቆመ አይተርፍም። ሽቦው በራሱ ይውጣ፣ ሰው ያውጣው፣ መማል አልችልም አላት።

በሩ ላይ የሟች አባት ሼኽ ጀማሉዲን ቆመዋል። የከተማውን ግማሽ ቁርኣን ያቀሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ጊታር ካነገተ ወዲህ ቤታቸውን አልረገጠም፤ እሳቸውም አልጠሩትም። ከኋላቸው የተሰበሰበው ሰው፣ ጊታሩ ነው የበላው፣ ሰላቱን ጥሎ እየሄደ እንዴት ይቅናው እያለ ሲንሾካሾክ ይሰማሉ። አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጄ አሱርን ሰግዶ ነው የሞተው?»

«አላውቅም አባባ። ነገ ከጁምዓ በፊት፣ ሳይቀበር እነግርዎታለሁ።»

«አላህ ያግራልሽ» ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ዞሩ።

ወለቃ ባንድ ከዚህች ከተማ ወጥቶ አገር ያወቀው የሮክ ባንድ ነው። ዘንድሮ ግን ዘፈኑን አስቀምጦ ፊልም ሠራ። «መንገዱ ያውቃል» የተባለው ይህ ፊልም ደራሲም ዳይሬክተርም የለውም። ልጆቹ በአውቶቡስ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ፣ ከወግዲ ወደ ከላላ ሲጓዙ ካሜራው ከእጅ እጅ እየተላለፈ ያየውን አነሳ። የተነሳ አይደገም፣ የተባለ አይታረም፤ ሕጋቸው ይኸው ነበር። በዒድ ዋዜማ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ዘፈን የጠበቀው ተመልካች አንድ ፍየል ወደ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትታገል እስኪሰለቸው አየ። ይኼ ፊልም ነው ወይስ ካሜራውን መዝጋት ረስተውት ነው ብሎ አገሩ ሳቀ።

ከሳቁ የተረፈ አንድ ክፍል ነበር። ከላላ ገበያ ላይ ጠልሐ ከአንዲት የታሰረች በቅሎ አጠገብ ተቀምጦ፣ መንዙማ መንዙማ የሚል ዜማ ከጊታሩ ያወጣል። ያቺ ዜማ ከስልክ ስልክ ተላልፋ ዐረብ አገር ያሉትን የወሎ ልጆች አስለቀሰች። ከባሕር ማዶም አንድ የፊልም ፌስቲቫል ጥሪ ላከ። የተጠራው ባንዱ አልነበረም፤ ጠልሐ ብቻ ነበር።

የሻለም በመጀመሪያ ያነጋገረችው ድምፃዊውን ሱፍያንን ነው። ፊልሙ የእሱ ሐሳብ ነበር። ከሙዚቃ በፊት ኤሌክትሪክ ተምሯል። በሞቱ ዋዜማ ደግሞ ሻይ ቤት ውስጥ ጠልሐን፣ ስድቡ ለእኔ ጭብጨባው ለአንተ ሲለው ሰው ሰምቷል። ከቀትር ጀምሮ አውቶቡሱ ውስጥ ተኝቻለሁ ቢልም ያየው የለም።

«ቀንተህበታል?» አለችው።

«ቀንቻለሁ፤ ምን አስዋሸኝ? አገር በሐሳቤ እየሳቀ በእሱ ጣት ሲያለቅስ፣ እንዴት አልቀናም? ግን እኔ የቀናሁትን በአፌ ነው የምጨርሰው። ሻይ ቤቱን ጠይቂ።»

ጁማና ኪቦርድ ተጫዋች ናት። ከላላ ላይ ካሜራውን ይዛ የነበረችው እሷ ናት። ሱፍያን ሽማግሌ ልኮባት እምቢ ማለቷን፣ ልቧም ወደ ጠልሐ ማዘንበሉን ከተማው ያወራል።

«ትቶሽ ሊሄድ ነበር?»

«ሊሄድ ነበር» አለች ሻርፗን እየጠቀለለች። «ቅናት ከሆነ የምትፈልጊው እኔም አለኝ፤ በጊታሩ። እኔን አንድ ቀን እንደሱ አላቀፈኝም።»

ሦስተኛው ኢማድ ነው። ጅዳ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ሲጠግን ኖሮ ሲመለስ ወደዚህች ከተማ የመጀመሪያውን ጊታር ያመጣ፣ ጠልሐንም ጣት በጣት ያስተማረው እሱ ነው። አሁን ሁለተኛ ጊታር ይጫወታል። ከሦስቱ ያለቀሰው እሱ ብቻ ነው፤ አልቀናሁም ያለውም እሱ ብቻ ነው።

«እኔ በወንድሜ? እንዲያውም ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ለአሱር ውዱ ሲያደርግ ከጀሪካኑ በማንቆርቆሪያ ቀድቼ ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። እግሩን ሳያደርቅ፣ እየተንጠባጠበ ወደ መድረኩ ወጣ። አድርቅ አላልኩትም፤ የጊታር ክር ልገዛ ወደ ገበያ ሄድኩ።»

«አብሽር» ብላ አጽናናችው የሻለም። ምንጣፉ በምን ረጠበ ብላ ገና ማንንም አልጠየቀችም ነበር።

ወይዘሮ አልታዬን ከአዳራሹ ጀርባ ካለው ወጥ ቤታቸው አገኘቻቸው። ሬሳ ወድቆ ስለ ዕቃ ማውራት ነውር ሆኖባቸው ቆይተዋል። «አፈር ስሆን የኔ ልጅ፣ ለሌላ እንዳትነግሪብኝ» አሉና አንሾካሾኩ። የከተማው ቧንቧ ከሰሞኑ ተዘግቷል፤ የመስጊዱ ሮቶም ደርቋል። እሳቸው ክርስቲያን ቢሆኑም ለልጆቹ ሰላት ብለው አንድ ጀሪካን ውሃ አስቀርተው ነበር። አሱር ሳይደርስ ቢያዩት ባዶ ነው። የጨው ቅላቸውም አብሮ ተራቁቷል።

የሻለም ወደ መድረኩ ተመለሰች። ምንጣፉ በጠርዙ መድረቅ ጀምሮ ነጭ አበባ የመሰለ ነገር አውጥቷል። በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው፤ ጨው ነው። ከዚያ ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ መዳፎቹን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ግንባሩንም አየች። ወደ ጓሮ ዞራም የወጥ ቤቱን የጭቃ ግድግዳ ስትመለከት ቆየች። ከግድግዳው ሥር የጠልሐ ጃኬት መሬት ላይ ተነጥፏል። ፀሐይዋን አይታ አቅጣጫውን ለካች፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቂብላ ነው። ሬሳው ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ሲነሳ፣ ጃኬቱን ማንም እንዳይነካ አዘዘች።

በማግሥቱ ማለዳ ፊልሙን አስከፈተች። ፍየሏንም፣ አቧራውንም፣ ዝምታውንም አልዘለለችም። አገር የሳቀበት ፊልም እስከ መጨረሻው የሚታገሠው ተመልካች ያን ቀን አገኘ። የከላላው ክፍል ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ደግማም ሰማችው።

ከጁምዓ በፊት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሼኽ ጀማሉዲን ከፊት ተቀመጡ፤ ሦስቱ ልጆች ከጎናቸው፤ ወይዘሮ አልታዬ ከበሩ።

«ምንጣፉን ያረጠበው የውዱ ውሃ አይደለም» ብላ ጀመረች የሻለም። «ሲደርቅ ጨው አወጣ። በጨው ውሃ ውዱ የሚያደርግ የለም፤ ጨው ውሃውን መብራት እንዲያሳልፍ ያበረታዋል። ስለዚህ ሽቦው በራሱ አልወጣም። ሽቦውን የነካና ጨው ያሟሟ አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ሱፍያን ዞረ። ሱፍያን አንገቱን ደፋ።

«ኤሌክትሪክ የተማረ እሱ ነው» አለች የሻለም። «ጅዳ ላይ ማቀዝቀዣ የጠገነም አለ። እኔ ግን በእጅ ሙያ አልፈርድም። እማማ አልታዬ፣ ጀሪካኑ ባዶ የሆነው መቼ ነበር?»

«አሱር ሳይደርስ» አሉ ወይዘሮ አልታዬ።

«አሱር ሳይደርስ። ኢማድ ግን ለአሱር ከዚያው ጀሪካን ቀድቼ አፈሰስኩለት ብሎኛል።»

«ረስተውት ነው» አለ ኢማድ። «እማማ አርጅተዋል። ወላሂ እግሩ ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

«እማማ ይርሱ። ጠልሐ ራሱስ ይረሳል? መዳፎቹና ግንባሩ ላይ ስስ የጭቃ አቧራ ነበር። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት መዳፍ ያረፈበት ቦታ አለ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ኩታበር ላይ ከእስላም ጎረቤቶቼ ጋር በአንድ አጥር ነው ያደግሁ፤ ይህን አውቃለሁ። አባባ፣ ውሃ ያጣ ሰው ለሰላት ምን ያደርጋል?»

ሼኹ መለሱ። «ተየሙም። ንጹሕ አፈር ይነካል፣ ፊቱንና እጁን ያብሳል።»

«ውሃ ያገኘስ?»

«ውሃ ያገኘ አፈር አይነካም።»

«ስለዚህ ውሃ አልነበረም» አለች የሻለም ወደ ኢማድ ዞራ። «ያለውን ውሃ ምንጣፉ ላይ ደፍተህ ጨረስክ፤ እንዲያይህ ስላልፈለግህ ገበያ ዋልክ፤ በኋላ ምንጣፉ ለምን እንደረጠበ ምክንያት ቸገረህና፣ በጨረስከው ውሃ ውዱ አደረገ አልከኝ።»

ጁማና፣ «ለምን? እሱ ምን በደለው?» አለች።

የሻለም ፊልሙን ከፈተች። ከላላ ገበያ መጣ፤ ጠልሐ ጊታሩን ይዟል፤ ገና ክር አልነካም። ድምፁን ከፍ አደረገች። ከበቅሎዋ ጀርባ፣ ካሜራው ከማያየው ቦታ፣ አንድ ሰው በአፍንጫው ዜማ ያንጎራጉራል። ጠልሐ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ያንኑ ዜማ በጊታሩ ይቀበላል። ሁሉም ያንን ክፍል ስንት ጊዜ አይተውታል፤ አሁን ግን ሰሙት።

«ዜማው የአንተ ነበር» አለች።

ኢማድ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «በቅሎዋ ተረብሻ ይዣት ነበር። ላባብላት ብዬ ነው ያንጎራጎርኩት። ጊታሩን ያመጣሁት እኔ፣ ጣቱን ያስተማርኩት እኔ፣ ዜማውን ያወጣሁት እኔ። ፊልሙ ድርሰት ቢኖረው ኖሮ ቂሜን በጻፈው ሰው ላይ አደርግ ነበር። የጻፈው የለም። ካሜራው ራሱ ነው የናቀኝ። ጠልሐም ዜማው የኢማድ ነው አላለም።»

«ሊል ነበር» አለ ሱፍያን። «እኛ ነን ዝም በል ያልነው። ሕጋችን ነው፤ የተነሳ አይታረም።»

ጁማና ተነሳች። «እኔ ነኝ ካሜራውን የያዝኩት። አላየሁህም ኢማድ። ወላሂ፣ አላየሁህም ነበር።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለ ኢማድ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ከሼኹ ፊት ሲደርስ ቆመ፤ ቀና ብሎ ግን አላያቸውም። ካለፈ በኋላ ሼኹ ለማንም ሳይሆን፣ «ሁለቱንም በአንድ የእንጨት ሉህ ነው ያቀራኋቸው» አሉ።

የሻለም አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ የጠየቁኝን ልመልስ። ጃኬቱን ወደ ቂብላ አንጥፎ ነበር። ጉልበቱና ግንባሩ ያረፈበት ይታያል። ሰግዷል።»

ሼኹ ግድግዳውን ልየው አሉ። በጓሮ ዞረው ሁለቱ መዳፎች ያረፉበት ፊት ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉ፤ አጠገቡ ሲደርስ፣ እንዳይጠፋ ፈርተው፣ ሳይነኩት መለሱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ጃኬት አነሱ። አዛን ሲሰማ አፈሩን ሳያራግፉ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ልጃቸውን ሊቀብሩ ወጡ።