የተጋደመ ጥርስ ዋጋ

«ስንት? እስቲ ድገሚልኝ!»

የጥርስ ክሊኒኩ ተቀባይ የዋጋውን ወረቀት በመስታወቱ ሥር ገፋ አደረገችላት። ከግርጌው ዘጠኝ ሺህ ይላል። የክብሪት ደሟ ፈላ። ቤተሰቡ ይህን ስም ያወጣላት በከንቱ አይደለም፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ትንሽ ሲነኳት ቦግ ስትል ነው የኖረችው።

«ባለፈው ሳምንት ስደውል ሁለት ሺህ አላልሽኝም?»

«እሱ ለቀላሉ ነው። የእናትሽ ዊዝደም ጥርስ ተጋድሞ ነው የበቀለው፤ ድዱ ተቀዶ ነው የሚወጣው። የማደንዘዣው መርፌ፣ ስፌቱ፣ መድኃኒቱ፣ ሁሉም ለየብቻው ነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኛ!»

እውነት ነው፣ አልጠየቀችም። ያንገበገባትም ይኸው ነው። «ጥርስ መንቀል ስንት ነው?» ብላ፣ ሁለት ሺህ ሲሏት ስልኩን ዘግታ፣ «እማዬ፣ ጨርሼልሻለሁ!» እያለች ቤቱን በእልልታ አቀለጠችው። እናቷም የልጇን ቃል አምና፣ ለማንኛውም ብላ አምስት መቶ ጨምራ መጣች። ከዚያ ላይ ስምንት መቶው ገና ሲገቡ ለመንጋጋ የራጅ ፎቶ ሄደ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ነው የምትሠራው። ያ ሐኪሞቹ «ዊዝደም» የሚሉት የመጨረሻው መንጋጋ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሲነዘንዛት ቆይቶ አሁን አፏን በቅጡ አያስከፍታትም። ስፒሎቹን የክብሪት ኮሌታ ላይ እየሰካች፣ ከዚያ እየነቀለች ትሰፋለች። ሠላሳ የተማሪ ዩኒፎርም ተቆርጦ ተቀምጧል። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ትኩሳት አላት። ሐኪሙ «ከዚህ ሳምንት እንዳያልፍ» ብሎ አስጠንቅቋታል።

ሐኪሙን እንኳ ክብሪት አትወቅሰውም። ፎቶውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ በትዕግሥት አስረድቷቸዋል፦ ጥርሱ እንደ ሰካራም ተጋድሞ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ከሥሩ ነርቭ አለ፣ ሥራው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ይሁን። ሱሪ ማሳጠርና ኮት መስፋት መቼ እኩል ዋጋ ሆኖ ያውቃል! እናቷ ግን ዋጋውን የምትናገረው ጨርቁን ከመቁረጧ በፊት ነው።

«ነይ እንሂድ» አለች እናቷ ጥርሷን እንደገጠመች። «በጨው ውሃ እጉመጠመጥበታለሁ። ይተወኛል።»

«ሁለት ወር ሙሉ ያልተወሽ አሁን ሊተውሽ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

ሰውማ ሰምቷል። በሩ አጠገብ ተራውን የሚጠብቅ፣ ጉንጩ ያበጠ የጭነት መኪና ሹፌር በእጁ ጠራት።

«የኔ ልጅ፣ የሐኪም ተማሪዎች የሚማሩበት ሆስፒታል ውሰጃት። አስተማሪያቸው ከጎናቸው ቆሞ ነው የሚያሠራቸው። እኔ አምና የግራዬን እዚያ ነው ያስወጣሁት፣ ሁሉም ተደምሮ ሺህ አምስት መቶ አልሞላም። ብቻ ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ አለዚያ እንደገና ያስከፍሏችኋል።»

«እርስዎ ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እዚያ ወረፋው ሁለት ቀን ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ማታ መንገድ አለብኝ፣ ምን ላድርግ!»

የቀራቸው ሺህ ሰባት መቶ ነው። ለተማሪዎቹ ሆስፒታል ይበቃል፤ ሌላ ፎቶ ከተነሳች ግን አይበቃም። ክብሪት ወደ መስታወቱ ተመለሰች።

«ፎቶውን ስጪን።»

«ፎቶ አይወጣም። እኛው ጋ ነው የሚቀመጠው።»

«ስምንት መቶ ከፍለንበታል እኮ!»

«የክሊኒኩ አሠራር ነው።»

«አሠራሩን ማንን ልጠይቅ?»

«ሥራ አስኪያጁን። ሰኞ ይገባሉ።»

ቀኑ ገና ረቡዕ ነበር።

«በናትሽ አታሳፍሪኝ፣ ልጄ» አለች እናቷ እጅጌዋን እየጎተተች።

ክብሪት በማን ላይ ይበልጥ እንደተናደደች ግራ ገባት። እናቷ ለሁሉም «እሺ» ናት። ልብሱን ለብሶ ሂሳቡን ለሚቀንስባት ደንበኛ እሺ፣ ኪራይ ለሚጨምርባት አከራይ እሺ፣ አሁን ደግሞ ለገዛ መንጋጋዋ እሺ! አፏ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጠችው። ስድብ ቢሆን ኖሮ ተቀባይዋ ዘበኛ ትጠራና ነገሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር። መስታወቱ ፊት ካለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ፎቶው እስኪመጣ እዚሁ ነን» አለች። ከቦርሳዋ የሒሳብ ደብተሯን አውጥታ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ዋጋዎች አንድ በአንድ ጻፈች።

ስልኩ ጮኸ። የተቀባይዋ ድምፅ በአንዴ ማር ሆነ። «አቤት? ጥርስ ለማስነቀል? ሁለት ሺህ ብቻ!»

«ፎቶው ለብቻው ነው በያቸው!» አለች ክብሪት ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። «ስምንት መቶ! መርፌውም ለብቻው ነው! ከተጋደመ ደግሞ ድዱ ይቀደዳል፣ ስፌት አለው! ዘጠኝ ሺህ ይደርሳል!»

ተቀባይዋ ስልኩን በመዳፏ አፈነች። ተራ ጠባቂዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። ሹፌሩ ሊስቅ አለና ጉንጩን ይዞ «ውይ!» አለ።

ክብሪት እናቷን ቀና ብላ ማየት ፈራች። አሁን ክንዷን ይዛ «ጉድ አፈላሽ፣ ተነሺ!» እንደምትላት አውቃለች። እናቷ ግን ከጎኗ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ያላለቀ የዩኒፎርም እጅጌ አወጣች፣ ከልጇ ኮሌታ ላይ አንድ ስፒል ነቀለች፣ ጠርዙን አጥፋ ሰካችው።

«መድኃኒቱን ረሳሽው» አለች፣ አፏ እንደተያዘ፣ እስከ መስታወቱ ጀርባ በሚሰማ ድምፅ።

ክብሪት እርሳሷን አነሳችና ከዝርዝሩ ግርጌ መድኃኒቱን ጨመረች። ስልኩ እንደገና ጮኸ።