ስሙ ሞቲ ነው

መጀመሪያ ያየሁት ቀን የጥልፍ ማሽኔ ቆሞ ነበር። ቀጣሪዬ ጋሼ ሽኩር ደውለው መካኒክ ጠሩ። ትንሽ ቆይቶ መፍቻ የያዘ ረጅም ወጣት በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ልበል?» አልኩት።

«ሞቲ።»

የያዝኩት ክር ከእጄ ወደቀ።

«ምን?»

«ስሜ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ እንዲህ ይደነግጣል። በኦሮምኛ ንጉሥ ማለት ነው።»

«እሺ። ማሽኑ ያውልህ።»

ክፉ ሆኜ አይደለም። ያን ጊዜ ከሰው ጋር የማወራው እንደዚያ ነበር። መቅደላዊት እባላለሁ። መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ የሕፃናት ብርድ ልብስ ላይ ስም እጠልፋለሁ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እኔም ወልጄ ነበር። ወንድ ልጅ። በአሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ሞተ። አባቱ ሁለት ወር ቆይቶ ሄደ። አልተጣላንም፤ የምናወራው ነገር አልቆብን ነው። ከዚያ ወዲህ ውስጤ ተኝተውበት እንደ ደነዘዘ እጅ ሆነ። የሰው ልጆችን ስም ቀኑን ሙሉ ስሰፋ እንኳ ምንም አይሰማኝም ነበር።

ሞቲ ማሽኑን እየፈታ ተራ የሚጠብቁትን ስሞች አየ።

«ዱባይ? ይሄ የሰው ስም ነው?»

«እናትየው እዚያ ሠርታ ነው ያለፈላት። ውለታ ነው አለችኝ።»

«ተወው ልጄ» አሉ ጋሼ ሽኩር። «የእኔ ስም አመስጋኝ ማለት ነው። የዚህ ሰፈር ልጆች ግን ስኳር ነበር የሚሉኝ!»

ሞቲ ከልቡ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ግን ሳቁን ሰማሁት።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«ማሽኑ እኮ ደህና ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። አንቺን ላይ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በምሳ ሰዓት ይመጣ ጀመር። ወደ ራጉኤል በእግራችን ወጣ ብለን፣ አንድ ሳህን ላይ በልተን እንመለሳለን። አንድ ቀን ስለ ልጄ ነገርኩት። እንደ ሌላው ሰው «እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል» አላለኝም።

«ስሙ ማን ነበር?» አለኝ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ስም አልነበረውም» አልኩት። ዋሸሁት።

ከስድስት ወር በኋላ እናቴን ማግኘት ፈለገ። እናቴ እትዬ የሺ፣ ልጄን ከቀበርን ወዲህ ሞት የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ አታስነሣም። ዜና ላይ እንኳ ከሰማች ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች። ስለዚህ የእንግዳውን ስም ስትጠይቀኝ «ንጉሤ» አልኳት። ለእሱ አልነገርኩትም።

እሑድ መጣ።

«ንጉሤ! ግባ ልጄ!» አለች እናቴ ከደጅ ተቀብላ።

ሞቲ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ምሳውን ሁሉ ንጉሤ ሆኖ በላ። «ንጉሤ፣ ጨምር እንጂ» ስትለው እየጨመረ በላ። ስሸኘው በሩ ላይ ቆመ።

«ንጉሤ ማነው?»

«ትርጉሙ እኮ ያው ነው...»

«ትርጉሙ ያው ነው። ስሜ ግን አይደለም። ይሄን ስም አያቴ ናቸው ያወጡልኝ። ደስ ብሏቸው ለጎረቤት ሁሉ እየዞሩ ተናገሩት። አንቺ ትደብቂዋለሽ።»

«እናቴ ትፈራለች።»

«አንቺስ?»

ይህን ብሎ ሄደ።

ሦስት ሳምንት አልመጣም። አላለቀስኩም። ሥራ ገባሁ፣ ሥራ ወጣሁ። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ እናቴ ጠየቀችኝ።

«ንጉሤ የት ጠፋ?»

«ስሙ ንጉሤ አይደለም እማዬ። ሞቲ ነው።»

አማተበች። «ይሄን ስም ይዞ ነው ቤቴ የገባው?»

«በእነሱ ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነው።»

«በእኔ ጆሮ ሌላ ነው!»

«ልጄ ስም ነበረው እማዬ» አልኳት። ከየት እንደወጣ አላውቅም።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ክርስትና ሳይነሣ ስም አይጠራ ብለሽኝ ነበር እማዬ። እኔ ግን ሳጠባው በጆሮው እጠራው ነበር። ቅዱስ ነበር የምለው። ከዚህ የተሻለ ስም አለ? ሞተ እኮ! ስሙ አላዳነውም።»

«ቅዱስ...» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «ለምን ደበቅሽኝ?»

«ቀኑ ሳይደርስ ስለጠራሁት የሞተ መስሎኝ ነበር።»

«አንቺ ልጅ! ሦስት ዓመት ሙሉ?»

ተነሥታ አቀፈችኝ። ያኔ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም። ግን እንባው ትኩስ እንደሆነ ተሰማኝ።

በቅዳሜው ነጠላዋን ለብሳ «ውሰጂኝ» አለችኝ። አማኑኤል ጋ ወዳለው የሥራ ቦታው ወሰድኳት። እጁ በዘይት ጠቁሮ አንድ ማሽን ላይ ጎንበስ ብሏል። እናቴ ከንፈሯን ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሰች።

«ሞ... ሞቲ።»

ቀና አለ። «አቤት እማማ።»

«አማርኛ ብቻ ነው የማውቀው። ብሳሳት ታገሠኝ።»

«አልተሳሳቱም።»

«እንግዲያው ልጄ ያስቀየመችህ እኔን ፈርታ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ና፣ ቤት እንሂድ።»

እሱ ግን እኔን አየ።

«አንቺስ አትጠሪኝም?»

ቀና ብዬ አየሁት።

«ሞቲ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ አላስፈራኝም። የምወደው ሰው ስም ነበር።

«የሞተው ልጄም ቅዱስ ይባል ነበር» ልለው ፈልጌ፣ ቃሉ ተዘበራርቆብኝ «ልጄ ቅዱስ ነበር» ብቻ አልኩት። ገባው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ እጄን ያዘኝ።

ጋሼ ሽኩር ሽማግሌ ሆነው መጡ፤ ባለፈው ጥር ተጋባን። አንዳንድ ቀን አሁንም ምንም አይሰማኝም። ሞቲ «ምን ሆንሽ?» እያለ አይጨቀጭቀኝም። አጠገቤ ቁጭ ይልና ስለ ቅዱስ ይጠይቀኛል... ዓይኑ የማንን ይመስል ነበር? ሲተኛ እጁን የት ያደርግ ነበር?

እነግረዋለሁ።