ሁለተኛው ፊርማ

ሽማግሌው የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአራተኛው መጋዘን በር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቷል። ከሦስት ጦርነት የተረፈ ሰው፣ አራተኛው እንዳይነሳ ሚሳኤል ሊቆጥር መጥቶ ሞተ። ሞት መቼ ወግ ያውቃል።

መርማሪዋ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የገዛ አማቷን ሳይቀር ያሳሰረች ሴት ናት። ቆጠራውን ሊታዘብ ከጎረቤት አገር የተላከው መልእክተኛ እንኳ «እሷ ከሆነች እሰማለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «ሰውየውን የገደለው የእናንተ ጦር ከሆነ፣ መንግሥቴ ከእኩለ ቀን በኋላ አይታገሥም» ሲል አስጠነቀቀ።

የመርማሪዋ አንድ ልጇ ድንበር ላይ ምሽግ ውስጥ ነው። ይህን ማስጠንቀቂያ እንደ ፖሊስ ብቻ ልትሰማው አልቻለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገለልተኞቹ ሁለት ተቆጣጣሪዎች፣ ሽማግሌውና ምክትሉ፣ ከመጡ ስድስት ቀናቸው ነው። በመጡበት ዕለት አምስቱንም መጋዘኖች ቆልፈው፣ የመብራት ቆጣሪ ላይ እንደሚታሰረው ባለ ሽቦና ማኅተም አሸጓቸው። ቁልፎቹም በእነሱ እጅ ቀሩ። ቆጠራው ለዛሬ ነበር። በአራተኛው መጋዘን አሥራ ሁለት ሚሳኤል አለ እየተባለ ጎረቤት አገር ሁለት ዓመት ሲፈራ ኖሯል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጡረታው የደረሰውን ጠባቂ፣ አስር አለቃውን ነው።

«ማን ሲገባ አዩ?»

«ሽማግሌውን።»

«ብቻቸውን?»

«እኔ ያየኋቸው ብቻቸውን ነው።»

«ከዚያስ እዚሁ ቆመው ነበር?»

አስር አለቃው ጫማውን ማየት ጀመረ። «ሻይ ላመጣ ሄጄ ነበር፣ እህቴ። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሠላሳ ዓመት ስጠብቅ አንድ ሰው አልሞተብኝም፤ ሻይ ያማረኝ ቀን ይሙት?»

ጄኔራሉ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቃችኋል አሉ።»

«አልዋሽሽም። ቆጠራው ይቅር ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ።»

«ለምን ይቅር?»

«አንቺም የወታደር እናት ነሽ። አንዳንድ በር የሚጠብቅሽ ተዘግቶ ሲኖር ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።»

«እኔ የምጠይቀው ገዳዩን ነው።»

«እሱን አላውቅም።»

አመነችው። ስለ በሩ የነገራትን ግን ልብ አላለችውም፤ ሰው ቸኩሎ ሲሮጥ የሚያየው የሚደርስበትን ብቻ ነው።

ምክትሉ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ልቅሶው የውሸት አልነበረም።

«ማለዳ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ፤ ለቆጠራው ስዘጋጅ።»

«ሟቹ ብቻቸውን ማኅተም ቆርጠው ያውቃሉ?»

«በፍጹም። ሁለት ሰው ሳይኖር አይቆረጥም። አሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ቀን ደንቡን ሲስት አላየሁም።»

መርማሪዋ ወጥታ በሮቹን አንድ በአንድ ዞረች። የሌሎቹን አራት በሮች ማኅተም የሰሞኑ ዝናብ አጥቁሮታል። የአራተኛው በር ብቻ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጫል። ጎንበስ ብላ መሬቱን በመዳፏ አሰሰች፤ ደም አለ፣ ጠጠር አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ያ ምንም አለመኖሩ ገረማት።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ከሦስተኛው በር ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ማኅተም እንዴት እንደሚቆረጥ እኛ አናውቅም» አለች ለምክትሉ። «እስቲ ያሳዩን።»

ምክትሉ በፒንሳ ሽቦውን ቆረጠ። ስለ ደንቡ እያስረዳ እጁ ቁራጩን ለቀመ፣ ከደረት ኪሱ ፖስታ አወጣ፣ ከተተ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ ፈረመ። ፖስታውን ለመልእክተኛው ዘርግቶ፣ «ሁለተኛ ፊርማ፣ እዚህ» አለው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ። ቁራጭ መሬት ላይ አይቀርም። ተኝቼም አደርገዋለሁ።»

«ዛሬ ማለዳም አድርገውታል። ኪስዎ ውስጥ ያለችውን ሌላዋን ፖስታ ያውጡልኝ።»

የምክትሉ እጅ ደረቱ ላይ ቀረ። መርማሪዋ ራሷ አወጣችው። «አራተኛ በር፣ ዛሬ፣ አንድ ሰዓት» ይላል፤ ከሥሩ የምክትሉ ፊርማ አለ። የሁለተኛው ፊርማ ቦታ ባዶ ነው።

«የአራተኛው ማኅተም አዲስ ነው» አለች ወደ መልእክተኛው ዞራ። «ስለዚህ በሩ ዛሬ ተከፍቶ እንደገና ታሽጓል። ቁልፉ ያለው ተቆጣጣሪዎቹ ጋ ነው። ሽማግሌው ብቻቸውን አይቆርጡም፤ ሁለተኛ ሰው ነበረ ማለት ነው። ወታደር ቢሆን አሮጌውን ሽቦ ወርውሮት ይሄዳል። እኔ ግን መሬት ላይ አንዲት ቁራጭ አላገኘሁም። ሽማግሌው ለመግባት ቸኩለው ፊርማውን ለኋላ አሉ፤ ሲወጡ በዚሁ ፒንሳ ተመቱ። ምክትሉ ያቺን ፖስታ ሊጥላት ይችል ነበር።»

«መጣል አልቻልኩም» አለ ምክትሉ። «አንድም ጥዬ አላውቅም። ገዳዩ እኔ ነኝ። እሰሩኝና ይብቃ።»

«ይብቃ» አለ ጄኔራሉም በችኮላ።

መልእክተኛው ግን ማስታወሻ ደብተሩን አልከደነም። «ለምን ገደለው? ምክንያት የሌለው ኑዛዜ በትእዛዝም ይሰጣል። መንግሥቴ በዚህ አይረካም።»

ምክትሉ እጆቹን ለካቴና ዘረጋ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆነ። መርማሪዋ ልጇን አሰበች፤ ፒንሳውን አንስታ ወደ አራተኛው በር ሄደች።

«አትክፈቺው» አለ ጄኔራሉ። ይህን ሲል ድምፁ የአዛዥ አልነበረም፤ ይለምናት ነበር።

ቆረጠችው። ከምክትሉ ኪስ በወሰደችው ቁልፍ በሩን ከፈተች። አሥራ ሁለት ረጃጅም ሣጥኖች ተደርድረዋል። የአንዱን ክዳን አነሳች፤ ውስጡ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የውኃ ቧንቧ ነው። የሁለተኛውም፣ የሦስተኛውም ያው።

«የጄኔራሉ ልመና አጠራጥሮት ማለዳ ከፈትነው፤ ባዶ ነው ብሎ ሊጽፍ ነበር» አለ ምክትሉ። «እኔ ግን እሱ ከሞተ ቆጠራው ስድስት ወር ይተላለፋል ብዬ ነው። እስከዚያ ጎረቤቶቻችሁ እየፈሩ፣ ሳይወጓችሁ ይቆዩ ነበር። ባለፈው ጦርነት ማግስት በዚሁ ሽቦ ሬሳ ላይ ቁጥር ያሰርኩት እኔ ነኝ። የሕፃናቱ እጅ ላይ ሽቦው ሁለት ጊዜ ይዞር ነበር። እንደ አባቴ የምወደውን ሰው ገደልኩ፤ እነሱን ደግሜ ከማስር ብዬ።»

መልእክተኛው አሁን ደብተሩን ከደነ። «መርማሪ፣ አመሰግናለሁ። ጦሩ እንዳልገደለው እመሰክራለሁ፤ ቃሌ ነው።» ከዚያ አስር አለቃውን በትሕትና ጠየቀው። «ስልክ የት አለ?»

ጄኔራሉ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። መርማሪዋ ነገሩ የገባት ያኔ ነው።

«ምሽጉ ስልክ አለው?» አለችው።

«ለእናቶች የለውም።»

ምክትሉ በታሰረ እጁ ጎንበስ ብሎ እሷ ቆርጣ የጣለችውን ሽቦ ለቀመ። ፖስታ አወጣ፣ ከተተ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ ፈረመ። ከጥበቃው ክፍል የመልእክተኛው ድምፅ ይሰማል፤ «አዎ፣ ባዶ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል።

ምክትሉ ፖስታውን ዘረጋላት።

«ሁለተኛ ፊርማ፣ እዚህ።»

እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች።